ባልዲዋ ከዜሮ በታች

«እኔ ዛሬም ከዜሮ በታች ነኝ» አለች ሚጢ፣ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች።

ጫማዋን ልታስርላት የተንበረከከችው አያቷ ክው አለች። ማሰሪያው ከእጇ አመለጠ። ቀና ብላ አየቻት፤ ልጅቷ እቴ፣ ምንም አልመሰላትም። «የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አንድ ነው። አንድ ሙሉ! እኔ ደግሞ ከታች» ብላ ጨመረችና፣ የነከረችው ዳቦ ተቆርሶ ብርጭቆው ውስጥ ሲሰምጥባት ለእሱ ከንፈሯን ጣለች። ይህ እንግዲህ የሐሙስ ጠዋት ነው። ይኸው ወሬ ሰኞ ማታ ተጀመረ፣ ማክሰኞ ተደገመ፣ ረቡዕ ተሠለሰ። አንድ ቀን ቢሆን የልጅ ነገር ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። አንዲት ፍሬ ልጅ በየቀኑ እየተነሳች «ከዜሮ በታች ነኝ» ካለች ግን አንድ ሰው አስተምሯታል ማለት ነው። ማን እንደሆነም ይታወቃል፤ ያቺ ከመጣች ሦስት ወር እንኳ ያልሞላት፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ጠመኔና ሲባጎ ይዛ ውር ውር የምትለው አዲሷ አስተማሪ ናት።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መሀሉ በመጋረጃ ተከፍሏል። ከመጋረጃው ወዲያ የሚጢ እናት ከዳቦ ፋብሪካ የሌሊት ሥራዋ ገብታ፣ ዱቄቱን ከቅንድቧ ሳታራግፍ ተዘርራለች። ከወዲህ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ዱካ፣ በሩ ሲከፈት የሚሸፈን አንድ ትንሽ መስኮት። ኪራዩ ባለፈው ወር ጨምሯል፣ ሳሙና ጨምሯል፣ ዳቦ ራሱ፣ እናትየዋ ሌሊቱን ሙሉ ስትደፋና ስታወጣ የምታድረው ዳቦ፣ ጨምሯል። እዚያ ቤት ያልጨመረ ነገር ቢኖር በእናትና በልጅ መካከል ያለው ጨዋታ ነው።

«የምትለውን ሰምተሻል?» አለች አያትየዋ ወደ መጋረጃው።

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

«እና ምን? በነጻ የምትማር ልጅ የት እንድትቀመጥ ፈለግሽ እማዬ? ዙፋን ላይ?»

ከዚያ በኋላ ዝም ተባለ። የዝምታውን ምክንያት ሁለቱም አሳምረው ያውቁታል። የሚጢ እናት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ አስተማሪ ክፍሉን በሦስት ረድፍ ከፍሎ፣ «የደነዞች» ባለው ረድፍ መጨረሻ ላይ አስቀመጣት። ልጅቷ እያለቀሰች መጥታ ለእናቷ ነገረች። እናት ምን አለች? «መምህር ነው፣ ያውቃል» አለች። በዓመቱ ልጅቷ ደብተሯን ጣለች፤ ለምን ብሎ የጠየቃትም የለም። ያ ረድፍ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት አንድ ቀን ተነስቶ አያውቅም፤ ግን ሁለቱ ሲጣሉም ሲታረቁም እዚያው መሀላቸው አለ። አያትየዋ የሚጢን ጫማ አስራ፣ ሹራቧን ቆልፋ፣ እጇን ይዛት ወጣች። አሁንስ አፌን ዘግቼ አልቀመጥም፣ አለች በሆዷ። በሩን ስትዘጋ ከመጋረጃው ወዲያ ሳል ተሰማ፣ ሌላ ምንም አልተሰማም።

ትምህርት ቤቱ ድሮ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነበረ። ሳሎኑ የትልልቆቹ ክፍል ሆኗል፣ ሁለቱ መኝታ ቤቶች የትንንሾቹ፣ ወጥ ቤቱ የዳይሬክተሩ ቢሮ። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን የዘረጋው ምድጃው በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ እስካሁን ከጀርባው አለ፣ ቧንቧውም ጠብ ጠብ ይላል፣ ወላጅ ሊቆጣ ሲመጣም ጠብ ጠብ ይላል። አያትየዋ እዚህ ቤት ጽዳት ሆና ስትሠራ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የማታውቀው ስንጥቅ የለም። ዳይሬክተሩም ዘበኛውም ወላጁም ልጁም «እማማ» ነው የሚሏት፤ ሚጢም ከሰው ሰምታ አያቷን «እማማ» ትላለች። ሠራተኛ አንድ ልጅ በነጻ ማስተማር ይችላል የሚል ደንብ ስላለ ሚጢ እዚያ ገባች። ደንቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ደንቡን ሁሉም ሰው ማወቁ ነው።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት የሆነው ይህ ነው። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ባልዲዋን ይዛ ስትገባ ሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ትልቅ ክብ ተሥሏል። ከመስኮቱ እስከ ግድግዳው መሀሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ መስመር አለ። ክቡን ዙሪያውን አሥራ ሁለት ሥዕል፦ ዓሣ፣ ቁልፍ፣ ጃንጥላ፣ መኪና፣ ድመት፣ መሰላል፣ ሌላም ሌላም። እንደ ወትሮዋ ጨርቋን ጣል አድርጋ አጠበችው። ተንኮል አላሰበችም። ማታ ቤት ገብታ ያንን «ከዜሮ በታች» የሚል ነገር ከሚጢ አፍ ስትሰማ ግን ነገር ገባት። ማክሰኞ ክፍሉ ሲለቀቅ ገብታ ክቡን በደንብ አየችው። ሥዕሎቹ የልጆቹ ቦርሳ መስቀያ ላይም ተለጥፈዋልና የማን ምልክት ምን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገረችም። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ መኪና ነው፤ ከሁሉ በላይ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር። የሚጢስ? ከሁሉ በታች፣ በሩ አጠገብ፣ ባልዲ። ባልዲ! ለጽዳቷ የልጅ ልጅ ባልዲ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እንዴት ብትንቀን ነው፣ አለች፤ ደሟ ፈላ።

ልታጥብ ስትጎነበስ አስተማሪዋ የረሳችውን ቦርሳ ልትወስድ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ ትንሽ አመነታችና «እማማ፣ ይቺ ክብ ብታድርልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዙሪያዋን ብቻ ቢያጥቡልኝስ?» አለቻት።

«ወለል በየቀኑ ይታጠባል» አለች አያትየዋ ቀና ሳትል። «የዳይሬክተሩ ትዕዛዝ ነው።»

እንዲህ የሚል ትዕዛዝ የለም። ኖሮም አያውቅም። አስተማሪዋ ግን «እሺ፣ ካሉ» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። እሺ ማለቷም አያትየዋን አላስደሰታትም፤ ንጹሕ ሰው ብትሆን ትከራከር ነበር፣ አለች። ከዚያ መጀመሪያ ባልዲውን አጠፋችው። ቀጥላ ዓሣውን፣ ቁልፉን፣ ጃንጥላውን፣ አንድ በአንድ፣ የማን ልጅ የት እንደተደረገ ልብ እያለች፣ በሆዷ እየያዘች። ረቡዕም እንዲሁ አደረገች። ረቡዕማ ሳሙና ጨመረችበት።

ሐሙስ፣ ሚጢን ክፍሏ አስገብታ፣ የመስኮት መስታወት ልወለውል ነው ብላ በውጭ በኩል ቆመች። ያ መስኮት ትናንት ተወልውሏል፤ ዛሬ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተወለወለ። ውስጥ አንዱ ልጅ መሀል ላይ ቁጭ ብሎ የሲባጎውን ጫፍ ወለሉ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይዞላታል። አስተማሪዋ ሌላውን ጫፍ ከጠመኔ ጋር ጨብጣ፣ ጎንበስ ብላ፣ የኋሊት እየሄደች ትዞራለች። ቀጭን ናት፤ ጠመኔው ቀሚሷን አንጥቶታል። «ይቺ ሲባጎ ስሟ ማን ነው?» ስትል ልጆቹ በአንድ አፍ «አንድ!» ይላሉ። «ትንሽ ብትሆንስ?» «አንድ!» «ብትረዝምስ?» «አንድ!» ምን ዓይነት ትምህርት ነው ይሄ? ሲባጎ ስም ይወጣለታል? አያትየዋ ሳሙና የነካ ጨርቋን መስታወቱ ላይ ስታሽከረክር፣ አረፋው እስኪጠረግ ልጆቹ ተንጫጭተው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ሚጢ እዚያችው በሩ አጠገብ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ።

«ከዜሮ በታች ያላችሁ፣ እጃችሁን!»

አምስት እጅ ወጣ። ከአምስቱ ሁሉ ከፍ ብሎ የወጣው የሚጢ ነው። እየሳቀች! መናቋን ሳታውቅ እየሳቀች! አያትየዋ ከታች ያሉትን ቆጠረቻቸው፦ ሚጢ፣ የዘበኛው የእህት ልጅ፣ የሹፌሩ ልጅ፣ የጸጉር ሠሪዋ ልጅ። አምስተኛዋ ግን የመሐንዲሱ ልጅ ሆነችባት። ይቺ እንኳ ለማስመሰያ ናት፣ አለች ወዲያው። ከላይ ካሉት መካከል ደግሞ የአትክልት ሻጯ ልጅ አለ። እሱም ለማስመሰያ ነው። ሁለት ለማስመሰያ ከተተወ የቀረው ቁልጭ ያለ ነገር ነው። አስተማሪዋ በዚህ መሀል ቀና ብላ በመስታወቱ ውስጥ አየቻትና ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ራሱ አንድ ነገር አለው፣ ብላ አያትየዋ ጨርቋን ጨምቃ ሄደች።

ግቢው በር ላይ ሹራብ የያዘች ሴት አገኘች። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ናት፤ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ሱቋን ለረዳቷ ትታ ልጇ የረሳውን ሹራብ ልታቀብል መጥታለች። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም እሷ ናት። አያትየዋ አካባቢውን ቃኘት አድርጋ ጠጋ አለቻት።

«የኔ እመቤት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ። አዲሷ አስተማሪ ልጆቹን ከላይና ከታች እያለች ትከፋፍላቸዋለች። የድሀ ልጅ ከዜሮ በታች ይባላል።»

«የኔስ ልጅ?»

«ያንቺማ ከላይ ነው። አንድ ሙሉ።»

አያትየዋ እዚህ ላይ ነገሩ የሚበርድ መስሏት ነበር። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ግን ዓይኗ ጠበብ አለ። ሰው መድኃኒት ሲገዛ የሐኪሙን ፊርማ በብርሃን የምታይ ሴት ናት፤ ያለ ምክንያት የተሰጣትን ነገር አትወድም። «ለምን ከላይ?» አለች። «እኔ ምን አድርጌላት? ደግሞ በየማታው አንድ ነኝ አንድ ነኝ ይለኛል፤ አንደኛ ወጣ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼ! ገባኝ። ነገ መጥታ በግል ላስጠናልሽ ልትል ነው። በአምስት ዓመት ልጅ! ፊደሉን ሳይጨርስ!» ሹራቡን ለዘበኛው ወርውራ በቀጥታ ወደ ቢሮው ገሰገሰች። አያትየዋ ደነገጠች፤ ግን ደግሞ ደስ ያላት ነገርም ነበር። ይኸው ተናገርኩ፣ አለች። ይኸው ዝም አላልኩም።

በእረፍት ሰዓት ሁሉም ወጥ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ቢሮው ማለቴ ነው። ዳይሬክተሩ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ሰብሳቢዋ ወንበር ላይ፣ አስተማሪዋ የተጠቀለለ ረጅም ወረቀት ብብቷ ሥር አድርጋ ቆማ፣ «ያየችው እማማ ናት» ተብሎ የተጠራችው አያትየዋ በሩ ላይ። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል።

«የአምስት ዓመት ልጅ ከዜሮ በታች ምን ይሠራል?» አለ ዳይሬክተሩ።

አስተማሪዋ ቀስ ብላ ጀመረች። «ትልልቆቹ አሃድ ክብ ይሉታል፤ ከመሀሉ እስከ ጠርዙ ያለው ሲባጎ ቢያጥርም ቢረዝም አንድ ተብሎ የሚለካ ክብ ነው። አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ይሣልላቸዋል፣ ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን ይፈሩታል። እኔም እንደዚያው ፈርቼው ነበር። አሁን በልጅነታቸው በእግራቸው ቢዞሩበት አይፈሩትም ብዬ ነው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አሥራ ሁለት ረድፍ አለው፣ በየረድፉ መጀመሪያ አንድ ምልክት፣ ዓሣው፣ ቁልፉ፣ ባልዲው። እያንዳንዱ ልጅ፣ አለች፣ ከቆመበት እስከ መሀሉ መስመር፣ እስከ ዜሮው ድረስ በወረቀት ቁራጭ ይለካል። ከመስመሩ በላይ ከሆነ ቁራጩን ወደ ላይ ይለጥፋል፣ ከመስመሩ በታች ከሆነ ወደ ታች። በማግሥቱ ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል። በአሥራ ሁለት ቀን ዞሮ የተነሳበት ይመለሳል። ያኔ በየልጁ ረድፍ ላይ ቁራጮቹ ተደርድረው አንድ ኮረብታና አንድ ሸለቆ ይሆናሉ። «ሁሉም አንድ ቀን ጫፍ ይወጣል። ሁሉም አንድ ቀን ታች ይወርዳል። የአንዱ ቀን ቀድሞ የአንዱ ቀን ይዘገያል እንጂ ኮረብታው የሁሉም እኩል ነው።»

«እኔ የማየው ግን አንድ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው» አለች ሰብሳቢዋ ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ። እውነቷን ነው፤ በአሥራ ሁለቱም ረድፍ የተለጠፈው አንዲት ቁራጭ ናት። «አራት ቀን ሆናችሁ አይደል? የታለ ታዲያ እርምጃው? ለምን የኔ ልጅ እላይ፣ የእሷ ልጅ እታች ተገትረው ቀሩ?»

«ወለሉ በየቀኑ ስለሚታጠብ፣ ትዕዛዝ...» አለችና አስተማሪዋ ዞር ብላ አያትየዋን አየቻት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየቻት። አያትየዋ ሽርጧን ጨምድዳ ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ቆማለች። ምንም ትዕዛዝ እንደሌለ በዚያች ቅጽበት አስተማሪዋ ተረዳች፤ መረዳቷንም አያትየዋ ተረዳች። አሁን ተጋለጥኩ፣ አለች በልቧ። አስተማሪዋ ግን ፊቷን ወደ ወረቀቱ መለሰች።

«ጠመኔ ነው» አለች። «ጠመኔ ይጠፋል። የትናንቱ ምልክት ካልታየ ልጆቹ እዚህ ነበርኩ እዚያ ነበርኩ እያሉ ይጣላሉ። ስለዚህ በየጠዋቱ ከመጀመሪያው ቦታ እንጀምራለን።»

«ለእማማ የልጅ ልጅ ባልዲ የሰጠሻትስ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እኔ ለማንም አልሰጠሁም። ምልክቱንም የመጀመሪያውን ቦታም ልጆቹ ናቸው የመረጡት። ሚጢን ለምን ባልዲ ስላት፣ የእማማ ነው አለችኝ። ቦታውንም...» ወረቀቱ ላይ ባልዲውን በጣቷ ነካች። «በሩ ክፍት ሲሆን ኮሪደሩ የሚታየው ከዚያ ብቻ ነው። ከዚህ እማማ ስታልፍ አያታለሁ አለችኝ።»

ቧንቧው ጠብ አለ። አያትየዋ ወለሉን አየች፣ ራሷ ያጠበችውን ወለል። ሦስት ቀን ሙሉ ልጄን ማን ወደ ታች ጣላት ብላ ስትንገበገብ የነበረች ሴት፣ በየማታው የልጇን መውጫ በገዛ እጇ ስታጥብ ነበር ማለት ነው። ባትነካው ኖሮ ሚጢ እስካሁን ሦስት እርምጃ ሄዳ፣ መስመሩ ላይ ደርሳ ነበር። ብትናገር በሐሰት በዳይሬክተሩ ስም አዝዣለሁ ማለቷ ነው፤ ሥራው ይሄዳል፣ ሥራው ሲሄድ የሚጢ ቦታ አብሮ ይሄዳል። ምላሷን ዋጠች። ሰብሳቢዋ ተነስታ ጋዋኗን አራገፈች። «ነገሩ ደግ ሊሆን ይችላል» አለች፣ «ግን ደግ ነገር ለምን በድብቅ ይሠራል? ለወላጅ ማን ነገረው?» ዳይሬክተሩም ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። የአስተማሪዋ የሙከራ ጊዜ ነገ ያልቃል፤ ኮሚቴው ነገ ተቀምጦ ይወስናል፤ ፊቱን ላየው ግን ውሳኔው ያለቀ ነበር። «እስከዚያ ያ ነገር ከወለሉ ይጥፋ» አለ። «እማማ፣ አሁኑኑ ይጠቡት።»

አጠበችው። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ እያያት፣ አሥራ ሁለቱ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው እያዩዋት። ሦስት ጠዋት ሙሉ ክባቸውን ማን እንደሚያጠፋባቸው ሲከራከሩ ነበር፤ አንዱ ዝናብ ነው ይላል፣ አንዱ ድመት ናት ይላል። አሁን አዩት። ጨርቁ ዓሣው ላይ፣ ቁልፉ ላይ፣ መኪናው ላይ አለፈ። ባልዲው ጋ ሲደርስ ሚጢ ከግድግዳው ተነጥላ መጣች።

«እማማ» አለች በሹክሹክታ፣ «አንቺ ነሽ እንዴ?»

አያትየዋ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች፣ ሥዕሉን አጠፋችው። ከዚያ ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልጠየቀችም፤ ዝም ብላ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። ያችን ዝምታ አያትየዋ ታውቃታለች። አንድ ጊዜ በቤቷ ገብታ እስካሁን አልወጣችም።

ምሳ አልበላ አላት። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወላጅ እስኪመጣ ግቢ ወጥተው ሲሯሯጡ፣ አስተማሪዋን ባዶ ክፍል ውስጥ ጠመኔዋን ቆርቆሮ ውስጥ ስትከት አገኘቻት።

«ለምን አልተናገርሽብኝም?»

«እኔ ሌላ ትምህርት ቤት አላጣም» አለች አስተማሪዋ ቆርቆሮውን እየገጠመች። «ሚጢ ግን በእርስዎ ሥራ ነው የምትማረው።» ይህን ብላ፣ የተጠቀለለውን ወረቀት ይዛ፣ ወጣች። ቆርቆሮውና የሲባጎው ጥቅል መስኮቱ ላይ ቀሩ።

አያትየዋ መሀል ወለል ላይ ለብዙ ጊዜ ቆመች። «መምህር ነው፣ ያውቃል» ያለችበት ቀን ትዝ አላት። ያኔ መናገር ሲገባት ዝም አለች። አሁን ዝም ማለት ሲገባት ተናገረች፣ መናገር ሲገባት ደግሞ ዝም አለች። እንዲህም አድርጎ መጃጃል አለ? ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብላ ሚጢን ጠራቻት። ልጅቷ መጣች፣ ግን ዓይኗን አላነሳችም። «ነይ፣ እዚህ ቁጭ በዪና ያዢልኝ» ብላ የሲባጎውን ጫፍ ሰጠቻት። ሚጢ መሀል ላይ ተቀምጣ ጫፉን በሁለት እጇ ወለሉ ላይ ጫነችው። አያትየዋ ወገቧን እያመማት፣ የኋሊት እየሄደች፣ ዞረች። ክቡ ትንሽ ተንጋደደ፤ ግን ጫፍና ጫፉ ገጠመ። መስመሩን ከመስኮት እስከ ግድግዳ ሳበችው። ከዚያ ተንበርክካ መሣል ጀመረች፦ ዓሣውን፣ ቁልፉን፣ ጃንጥላውን። ያለ ወረቀት፣ ያለ ጠያቂ። የማን ልጅ የት እንደነበረ በቂም የያዘችው ሁሉ አንዱም አልጠፋባትም። ሁሉንም ግን ከነበሩበት አንድ አንድ እርምጃ ወደፊት አደረገቻቸው።

«እማማ፣ እኔ እዚህ አልነበርኩም» አለች ሚጢ ባልዲው ሲሣል።

«ትናንት አልነበርሽም። ዛሬ ነሽ።»

ወላጆች መግባት ሲጀምሩ ዳይሬክተሩ ክቡ ከወለሉ መጥፋቱን ለሰብሳቢዋ ሊያሳይ በሩን ከፈተና ደርቆ ቀረ። አስተማሪዋም ቆርቆሮዋን ልትወስድ ከኋላቸው ደርሳለች። አያትየዋ ጉልበቷ ሥር ደረቅ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ እስከ ክንዷ ጠመኔ ሆና፣ መኪናውን እየጨረሰች ነበር።

«ይጠቡት አላልኩም?» አለ ዳይሬክተሩ።

«አጠብኩት።» እንደተንበረከከች ቀና አለች። «አራት ቀን አጠብኩት። የዛሬውን አዘውኝ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ግን ማንም ሳያዘኝ፣ ይቺን አስተማሪ የዳይሬክተሩ ትዕዛዝ ነው ብዬ ዋሽቻት ነው። እሷ የኔን ልጅ ከታች አላደረገቻትም። ከታች ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ሰው የሚባረር ከሆነ ባልዲው ይኸውላችሁ።»

የሰብሳቢዋ ዓይን ወለሉን ሲቃኝ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «የልጄ መኪና የት ሄደ?» አለች። «ጠዋት ጫፍ ላይ ነው አላልሽኝም?»

«ወረደ» አለች አያትየዋ። «አንድ እርምጃ። ነገ ደግሞ አንድ ይወርዳል። ተራው ነው።»

ሰብሳቢዋ መኪናውን አየች፣ ባልዲውን አየች፣ ሲባጎውን አንስታ ርዝመቱን እንደ መድኃኒት ጽሑፍ መረመረችው። የተናደደች ትመስላለች፤ ግን በማን እንደተናደደች ያወቀች አትመስልም። «ስንት ቀን ነው ያልሽው?» አለቻት አስተማሪዋን። «አሥራ ሁለት» አለች አስተማሪዋ። ዳይሬክተሩ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ቢሮ ትመጣላችሁ» ብሎ ወጣ። ለምን ትመጣላችሁ፣ ምን ይጠብቃችኋል፣ አላለም። ይጠቡትም አላለም።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ አያትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ እንደምንም ተነሳች። ነገ ይቺን ባልዲ ትያዝ አትያዝ አታውቅም። ዛሬ ማታ መጋረጃው ጋ ቁጭ ብላ ለልጇ ምን እንደምትላት ግን ታውቃለች፤ ስለዚያ ረድፍ ነው፣ ሃያ ዓመት የዘገየ ነገር፤ ትለዋለች። ሚጢ በዚህ መሀል አዲሱ ቦታዋ ላይ ቆማ፣ አንገቷን ወደ በሩ እያሰገገች ነበር። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ይጋርዳል፤ በሩም ኮሪደሩም አይታይም።

«እማማ» አለች፣ «ከዚህ አትታዪኝም።»

«አውቃለሁ» አለች አያትየዋ። «ቢሆንም እዚያው ቁሚ።»